መምህሬ የጻፉትን እንግሊዝኛ ላርም ወይስ ዝም ልበል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። ልጽፍልዎ ካሰብኩ ቆየሁ። ነገሩ ትንሽ ስለሚመስል አፍሬ ነው የዘገየሁት። የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ትውልዴ ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ ነው። ጣና ላይ በጀልባ እንግዳ የሚያመላልስ ማህበር ውስጥ አስጎብኚ ሆኜ እሠራለሁ። ማህበራችን አሁን አዲስ ታፔላ ሊያሠራ ነው። ጀልባዎቹ የሚነሱበት መግቢያ ላይ የሚቆም ትልቅ የብረት ታፔላ። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሁን ተባለ። እንግሊዝኛውን እንዲጽፉልን የተለመኑት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም። ሁለተኛ ደረጃ ስማር እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተው እዚሁ ባሕር ዳር ልጃቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ዛሬ ከፈረንጅ ጋር የማወራባት እንግሊዝኛ የሳቸው ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ጋሼ ጽሑፉን በእጃቸው ጽፈው ላኩልን። እንዲህ ይላል፦

«ወልካም ቱ ዘ ሌክ ጣና። ዘ ሶርስ ኦፍ ዘ ብሉ ናይል። ቦትስ ቱ ዘ ዘጌ ፔኒንሱላ ኤንድ ዘ ዑራ ኪዳነ ምሕረት። ዊ ሰርቭ ዘ ኮፊ ኤንድ ዘ ፊሽ። አወር ጋይድስ ስፒክ ዘ ኢንግሊሽ።»

ሳየው ‹ዘ› የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል በዛችብኝ። ፈረንጆቹ «ሌክ ጣና» ነው የሚሉት፤ «ዘ ሌክ ጣና» ሲል የሰማሁት የለም። አንድ ጓደኛዬን ባሳየው «የቦታ ስም ላይ ‹ዘ› አይገባም፣ ሁሉንም ሰርዘው» አለኝ። እኔም አንድ ቅጂ ላይ ስምንቱንም ‹ዘ› በእርሳስ ሰርዤ ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ለጋሼ ማሳየት ግን አቃተኝ። ይባስ ብሎ አብሮን የሚሠራ የሰከላ ልጅ ሁለተኛውን መስመር አይቶ «የዓባይ ምንጭ ግሽ ነው እንጂ ጣና ነው ያለው ማነው? ይሄ ታፔላ ቢቆም እኔ እዚህ አልሠራም» ብሎ ተቆጣ።

ሊቀመንበሩ ጽሑፉ ቅዳሜ ለቀለም ቀቢው ይሰጣል ብሏል። ዝም ብል ታፔላውን ባየሁት ቁጥር ሊያናድደኝ ነው፤ እንግዶቹም ይስቁብናል ብዬ እሰጋለሁ። ብናገር ደግሞ ያስተማሩኝን ሰው ማሳፈር ሆነብኝ። ጋሼ ቶሎ የሚከፋቸው ሰው ናቸው። ቀለም ቀቢውን አውቀዋለሁ፤ በጎን ነግሬው ሹልክ አድርጎ ቢያስተካክለውስ ብዬም አስቤያለሁ። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ‹ዘ› የት እንደምትገባና የት እንደማትገባ እኔም ለይቼ አላውቅም፤ በጆሮዬ ነው የምሄደው። ምን ይመክሩኛል?

ጨነቀው፣ ከባሕር ዳር

---

ወንድሜ ጨነቀው፣ እንኳን ጻፍክ። ምኑ ያሳፍራል? ያስተማሩህን ሰው ታከብራለህ፣ ሥራህንም ትወዳለህ፤ ሁለቱ ሲጋጩብህ ብትጨነቅ የሰው ወግ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የከበደህ የቱ ነው? የጋሼ መከፋት ነው? ወይስ «እስቲ አስረዳኝ፣ ለምን ሰረዝከው?» ቢሉህ መልስ ማጣትህ? ደብዳቤህን መላልሼ ሳነበው ሁለተኛው ሳይብስ አይቀርም። መጨረሻ ላይ «በጆሮዬ ነው የምሄደው» ብለህ ጣል አድርገሃት ያለፍካት ነገር ለኔ ዋናዋ ናት። ስለዚህ ጋሼን ለጊዜው እናቆያቸውና ስለ ‹ዘ› እናውራ።

ቶሎ ልንገርህና ይውጣልኝ። ከሰረዝካቸው ስምንቱ ውስጥ ሦስቱ ልክ ናቸው። ሁሉንም ሰርዘህ ጋሼ ፊት ብትቀርብ ኖሮ በሦስቱ ይይዙህ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በአምስቱ ማን ይሰማሃል? ያንን ጓደኛህን በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ ባታማክረው ጥሩ ነው።

‹ዘ› በእንግሊዝኛ ከቃላት ሁሉ አብዝታ የምትደጋገም ናት። ብዙዎቻችን ግን ከክፍል ይዘናት የወጣነው ባንዲት መስመር ነው፦ «የታወቀ ነገር ላይ ‹ዘ› ይገባል»። ጋሼም በዚያችው መስመር የሄዱ ይመስለኛል። ጣና የታወቀ ነው። ዑራ የታወቀ ነው። እንግሊዝኛም ማን የማያውቀው አለ? ስለዚህ ‹ዘ› በላይ በላዩ። እንግዲህ ዝም ብለው አልበተኗትም፤ ሕግ ይዘው ነው የጻፉት። ሕጓ ናት አጥራ የተገኘችው።

የታወቀ ሲባል ለማን ነው? ለሰሚው ነው። ‹ዘ› ስትገባ ተናጋሪው ሰሚውን «የቱን እንደምልህ ገብቶሃል» እያለው ነው። ይሄን ደግሞ አማርኛችን አሳምሮ ያውቀዋል። ተረት ስናወራ «አንድ ንጉሥ ነበር» ብለን እንጀምራለን። ቀጥለን «ንጉሡ አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ልጂቱም…» እንላለን። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። መጀመሪያ ሲነሳ ሰሚው አያውቀውም፣ «አንድ» አልነው። ሁለተኛ ሲነሳ ያውቀዋል፣ ከመጨረሻው «ኡ» ገባችለት፤ ለሴቷ «ዋ» ወይ «ኢቱ»። እኛ ከኋላ የምንለጥፋትን እነሱ ከፊት ያስቀምጧታል፣ ይኸው ነው። እንዲያውም በአንድ በኩል የነሱ ይቀላል፤ ለበሬውም፣ ለላሚቱም፣ ለላሞቹም ያቺው አንድ ‹ዘ› ናት። ሩሲያኛና ቻይንኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለ ነገር በቋንቋቸው ስለሌለ ካንተ የባሰ ይቸገራሉ። ግዕዛችንም ቢሆን እንዲህ ያለች ለብቻዋ የቆመች ቃል የለውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን በልብህ በአማርኛ በለው። «ኡ» ወይ «ዋ» ብለህ ከጨረስክ ‹ዘ› ሳትኖር አትቀርም፤ ካልጨመርክ ተጠራጠር። እስቲ የጋሼን አራተኛ መስመር በዚህ እንሞክረው። በአማርኛ ታፔላ ላይ «ቡናና ዓሣ አለን» ነው የምትሉት። «ቡናውና ዓሣው አለን» ብላችሁ ብትጽፉ አላፊ አግዳሚው «የቱ ቡና?» ይላል። እንግሊዝኛውም ያው ነው፤ «ዊ ሰርቭ ኮፊ ኤንድ ፊሽ»፣ አለቀ። እንግዳው ተቀምጦ ሲኒው ከቀረበለት በኋላ ግን «ሃው ኢዝ ዘ ኮፊ?» ብለህ ትጠይቀዋለህ። አሁን የቱ ቡና እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ፊቱ ተቀድቶ እንፋሎቱ እየወጣ ነው። አንተም በአማርኛ «ቡናው እንዴት ነው?» ነበር የምትለው።

አምስተኛው መስመርም በዚሁ ይፈታል። «እንግሊዝኛ ይናገራሉ» እንጂ «እንግሊዝኛውን ይናገራሉ» አንልም። «ስፒክ ኢንግሊሽ» ይበቃል። «ዘ ኢንግሊሽ ላንጉዌጅ» ብትሉ ኖሮ ‹ዘ› ልክ ነበረች። «ዘ ኢንግሊሽ» ብቻዋን ስትቆም ግን ሌላ ነገር ናት፤ እንግሊዞቹን፣ ሕዝቡን ማለት ነው። ይቺኛዋ መስመር እንዳትወጣ ጠበቅ አድርገህ ብትከራከር አልፈርድብህም።

ይሄ የአማርኛ ዘዴ ግን ሁልጊዜ አያዋጣም። እኛ «ፀሐይ ወጣች» ስንል ምንም አንጨምርም፤ እነሱ «ዘ ሰን» ይላሉ፣ አንድ ስለሆነች «የቷ?» የሚል የለም። «ገበያ ሄደች»፣ «ወንዝ ወረደች»፣ «ባንክ ነኝ» ስንልም ቃሉ ባዶውን ነው፤ በእንግሊዝኛ ሦስቱም ‹ዘ› ይፈልጋሉ። ሰው ከኛ አገር እንግሊዝኛ ሲናገር ‹ዘ›ን የሚረሳት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። «ትምህርት ቤት ሄደ»፣ «ቤተ ክርስቲያን ሄደ» ላይ ግን እነሱም እንደኛ ባዶውን ይተዉታል፣ «ጎ ቱ ስኩል»፣ «ጎ ቱ ቸርች»። ልጁ ሊማር፣ ሰውየው ሊያስቀድስ ሲሄድ ነው ታዲያ። አንተ እንግዳ ይዘህ ቤተ ክርስቲያኑን ልታሳይ ስትሄድ «ዊ አር ጎዊንግ ቱ ዘ ቸርች» ነው የምትለው፣ ሕንጻውን ልታሳያቸው ነዋ። ሥራህ ስለሆነ ይቺን ያዛት። ሆስፒታል ላይ ደግሞ እነሱ ራሳቸው አይስማሙም፤ ታሞ ለተኛ ሰው እንግሊዞቹ «ኢን ሆስፒታል»፣ አሜሪካኖቹ «ኢን ዘ ሆስፒታል» ይላሉ። ሌላው ደግሞ፣ የኛ «ኡ» «የሱ» ማለትም ትሆናለች። «እጁን ታጠበ» ስንል የገዛ እጁን ነው፤ እንግሊዝኛው እዚያ ጋ «ሂዝ ሃንድስ» ይላል እንጂ ‹ዘ› አይልም።

አሁን አንተን ያሳበደህ ጉዳይ ላይ ደረስን፣ ስሞቹ ላይ።

የሰው፣ የከተማና የአገር ስም ባብዛኛው ‹ዘ› አይወስድም፤ ስሙ ራሱ የትኛው እንደሆነ ተናግሮ ጨርሷል። ቢቸና ቢቸና ነው። «ሌክ»ን ደግሞ ከስም ፊት እንደሚቆም ማዕረግ ቁጠራት። ራስ አዳል እ.ኤ.አ. በ1881 ነግሠው ተክለ ሃይማኖት የተባሉት የኛው ንጉሥ፣ በእንግሊዝኛ ሲጻፉ «ኪንግ ተክለ ሃይማኖት» ናቸው፤ ‹ዘ› አይነካቸውም። «የጎጃም ንጉሥ» ሲባሉ ግን «ዘ ኪንግ ኦፍ ጎጃም» ናቸው። ጣናም እንዲሁ ነው። «ሌክ ጣና» ማዕረግና ስም ነው። ስሙን ትተህ «ሐይቁ» ስትል «ዘ ሌክ» ትላለህ። ስለ መጠኑ ስታወራም «ዘ ላርጀስት ሌክ ኢን ኢትዮጵያ» ነው፤ በአማርኛም «ትልቁ» ስለምንል ይሄኛው አያስቸግርህም። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር «ወልካም ቱ ሌክ ጣና» ነው። እዚህ ላይ ጆሮህ ልክ ነበር።

ተራራም አንድ ብቻውን ሲሆን እንደ ሐይቅ ነው፣ «ማውንት ኪሊማንጃሮ»። ሰንሰለት ሲሆን ግን ‹ዘ› ይገባል። ጮቄን በሙሉ ስትጠራ «ዘ ጮቄ ማውንተንስ» ትላለህ። አገሮችም ስማቸው ብዙ ቁጥር ሲሆን ወይም መንግሥትና ሪፐብሊክ የሚል ሲጨምር እንዲህ ናቸው፤ «ዘ ኔዘርላንድስ»፣ «ዘ ዩናይትድ ስቴትስ»። ጋምቢያ ደግሞ በወንዟ ስለተሰየመች ይሆናል፣ ስሟ እስከዛሬ «ዘ ጋምቢያ» ነው።

ወንዝ፣ ባሕር፣ ውቅያኖስና ትልቅ በረሃ ‹ዘ› ይወዳሉ። «ዘ ሬድ ሲ»፣ «ዘ ሳሃራ»፣ «ዘ ብሉ ናይል»። ወንዝ ላይ ‹ዘ› ለምን መጣች ካልከኝ፣ «ዘ ሪቨር ናይል» የሚል አጠራርም ስላለ «ሪቨር» ወድቃ ‹ዘ› ብቻዋን ቀረች ብለህ ያዘው፤ ቢያንስ ለማስታወስ ይረዳሃል። ስለዚህ ጋሼ «ዘ ብሉ ናይል» ማለታቸው ልክ ነው፤ እሷን ስትሰርዝ ተሳስተሃል። ለእንግዳ በአፍህ «ዓባይ» እያልክ ከጠራኸው ደግሞ ‹ዘ› ሳይሆን ‹ዚ› እያልክ ነው የምታነባት፤ አናባቢ ድምፅ ፊት እንዲያ ነው የምትሆነው፣ «ዚ ዓባይ»። ፊደሏ አልተቀየረም።

«ዘ ዘጌ ፔኒንሱላ»ም ልክ ነው። ዘጌ ብቻውን ቢሆን ‹ዘ› አይወስድም፤ «ፔኒንሱላ» ከኋላው ስትመጣ ነው የምትገባው። «ዑራ ኪዳነ ምሕረት» ላይ ግን ‹ዘ› ቦታ የላትም። «የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም» ለማለት «ዘ ሞናስተሪ ኦፍ ዑራ ኪዳነ ምሕረት» ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ ትመጣ ነበር። ይቺን «ኦፍ» ልብ በላት፤ ብዙ ጊዜ ‹ዘ›ን ጎትታ የምታመጣው እሷ ናት። እዚሁ ቅርባችን ያሉትን ዩኒቨርሲቲዎች እይ። «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ»፣ «ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ» ስንል ያለ ‹ዘ› ነው። የጎንደሩ ግን በእንግሊዝኛ ስሙ «ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር» ስለሆነ፣ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ «ዘ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር» ይሆናል። ፏፏቴ ላይ ልማዱ ይዋዥቃል። «ቪክቶሪያ ፎልስ» እና «ናያጋራ ፎልስ» ባብዛኛው ያለ ‹ዘ› ናቸው፤ ጢስ ዓባይን ግን «ዘ ብሉ ናይል ፎልስ» ሲሉት ትሰማለህ። እሱ ላይ ሕግ ፍለጋ አትድከም፣ እንደሰማኸው ያዘው።

እስካሁን ስለ ልክና ስህተት ነው ያወራነው። ሁለተኛው መስመር ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ የሰከላው ልጅ የተቆጣበት። እሱ ስለ ሰዋስው የተናገረ አይመስለውም፣ ግን የተጣላው ከ‹ዘ› ጋር ነው። «ኤ ሶርስ» ማለት አንድ ምንጭ ነው፣ ሌላም ሊኖር ይችላል። «ዘ ሶርስ» ማለት ግን ምንጩ፣ ያለው እሱ ብቻ፣ ሌላ የለም ማለት ነው። ልጁ የመጣው ደግሞ ግሽ ዓባይ ካለበት ከሰከላ ነው! ግሽ ዓባይ ላይ የሚፈልቀው ውሃ ግልገል ዓባይ ሆኖ ወርዶ ጣና ይገባል፤ ትልቁ ዓባይ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ይወጣል። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 የዓባይን ምንጭ አየን ያሉት ግሽ ላይ ቆመው ነው። ሰከላ ሄደህ ያንን ጠበል የዓባይ ምንጭ አይደለም ብትል የሚያሰናብቱህ እንዴት እንደሆነ አንተው ገምት። ጣናን ምንጩ ነው የሚሉ የጂኦግራፊ መጻሕፍትም ሞልተዋል፤ ወንዙ በዚያ ስፋትና ስም የሚነሳው ከሐይቁ ነውና እነሱም የሚሉት አላቸው።

ስለዚህ «ዘ ሶርስ» የሰዋስው ስህተት የለባትም፤ ፍርድ ግን አለባት። ያንን ፍርድ መስጠት የጋሼ ብቻ ሥራ አይደለም፣ ያንተም አይደለም፤ ማህበሩ ተነጋግሮ ይወስነው። «ኤ ሶርስ» ብትሉ ግን ማንንም ደስ የማታሰኝ ለብ ያለች ነገር ትሆናለች። እኔ ብሆን ክርክሩን ትቼ «ዘ ብሉ ናይል ሊቭስ ሌክ ጣና ኒር ሂር» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚሁ አካባቢ ነው ማለት ነው። ይሄን ጎጃም ውስጥ የሚክድህ የለም። ወንዙ ‹ዘ› ይዞ፣ ሐይቁ ያለ ‹ዘ› ጎን ለጎን ስለሚሆኑ ላንተም ማስታወሻ ይሆንሃል።

አሁን ወደ ጋሼ እንመለስ።

ቀለም ቀቢውን በጎን የማናገሩን ነገር ከናካቴው እርሳው። ጋሼ ታፔላው ሲመረቅ ከልጃቸው ጋር መጥተው ቀና ሲሉ የራሳቸው ጽሑፍ ተለውጦ ቢያዩት ምን የሚሰማቸው ይመስልሃል? አንተ የፈራኸው ማሳፈር ያ ነው። ፊት ለፊት መንገር ከሱ በብዙ ይሻላል። በማህበሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይም እንዳታነሳው፤ እዚያ አንዱ ስቆ አንዱ ጠቅሶ ነገሩ ካንተ እጅ ይወጣል።

ሐሙስ ወይም ዓርብ ማታ ብቻህን ልጃቸው ቤት ሂድ። ያንን በእርሳስ የሰረዝክበትን ቅጂ ግን ከኪስህ አውጥተህ ቤትህ ተወው። ዕድሜ ልኩን የተማሪ ደብተር በቀይ እስክሪብቶ ሲያርም ለኖረ ሰው፣ የራሱን የእጅ ጽሑፍ ስምንት ቦታ ተሰርዞ ማየት ቀላል አይደለም። ንጹሕ ቅጂ ያዝ።

ብዙ ሰው «ያላወቅክ መስለህ ጠይቃቸው፣ ራሳቸው ስህተቱን ያገኙታል» ብሎ ይመክርህ ይሆናል። እኔ አልስማማም። ጋሼ ስንት ዓመት ተማሪ ያዩ ሰው ናቸው፤ እያወቀ የሚጠይቅን ልጅ ከዓይኑ ይለዩታል። ያን ጊዜ ነው የሚከፋቸው። ቀጥ ብለህ፣ ግን በልክህ ተናገር። ልክ ከሆኑበት ጀምር፣ ለማሞገስ ሳይሆን እውነት ስለሆነ። «ጋሼ፣ ጽሑፉን አየሁት። ብሉ ናይል ላይና ፔኒንሱላው ላይ ያለችውን ‹ዘ› ልሰርዝ ብዬ ነበር፤ ሳጣራ እርስዎ ልክ ነዎት። ሌክ ጣና ላይ ግን ያለ ‹ዘ› ሆኖ ነው የማገኘው። ቡናውና ዓሣው ላይም እንደዚያው መሰለኝ። ከመቀባቱ በፊት አብረን ብናየውስ?» በቃ። ከዚህ በላይ ንግግር አትጨምር፣ እሳቸው ይናገሩ።

ማስረጃ ቢጠይቁህ ካርታ ይዘህ እንዳትሄድ። ካርታ ላይ ‹ዘ› ካብዛኛው ስም ላይ ስለምትወድቅ «ብሉ ናይል»ም ባዶውን ነው የምታገኘው። ጓደኛህን ያሳሳተውም ምናልባት እሱ ይሆናል፤ ታፔላና ካርታ እያየ «ቦታ ስም ላይ አይገባም» አለ። በወጉ የተጻፈ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያለበት ነገር ያዝ። ስለ ጣና በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጉዞ መጽሐፍ፣ ወይም ምሳሌ የሚሰጥ ጥሩ መዝገበ ቃላት። ሁለቱ ስሞች አብረው የተጠቀሱበት አንድ አንቀጽ ካገኘህ ሌላ አያስፈልግህም።

ከተስማሙ አንተ እንዳታርመው። አዲሱን ቅጂ በእጃቸው ራሳቸው ይጻፉት። ለሊቀመንበሩም የሚያስረክቡት እሳቸው ይሁኑ፤ አንተ መካከል ላይ ባትታይ ይሻላል።

ቢከፋቸውስ? እዚያው እንዳትከራከር። «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን» ብለህ ቡናህን ጠጥተህ ውጣ። አንድ ሌሊት ስጣቸው። ሰው ፊት ያልተነገረውን ነገር ብቻውን ሲሆን ማሰቡ አይቀርም፤ ጠዋት ስልክ ቢደውሉልህ አይግረምህ። ባይደውሉስ? ያን ጊዜ ታፔላው «ዘ ሌክ ጣና» ይበል። እውነቴን ነው የምልህ። ጣና ከሚመጣው እንግዳ ስንቱ እንግሊዝኛን እንደኛው በትምህርት ያወቀ ነው፤ በአንዲት ‹ዘ› ምክንያት ጀልባ ሳይሳፈር የሚመለስ የለም፣ ልብ ብሎ የሚያያትም ጥቂት ነው። ግን አንተ ራስህን ጠይቅ፤ በየቀኑ ሳየው ያናድደኛል ያልከው፣ ነግረሃቸው እምቢ ካሉ በኋላም እንደዚያው ያናድድሃል? ወይስ የሚያንገበግብህ ሳትናገር መቅረትህ ነው? መልሱን አንተ ነህ የምታውቀው።

የሰከላውን ልጅ ግን ከጋሼ ጋር አታገናኘው፣ ቢያንስ እስከ ቅዳሜ። ሁለት ቅሬታ ባንድ ማታ ከመጣባቸው ሁሉም ተባብሮ የተነሳባቸው ይመስላቸዋል። እሱን ለብቻው ለሊቀመንበሩ ንገርለት፤ ያቺን «ሊቭስ ሌክ ጣና» የምትለዋን አማራጭም አቅርብለት። ቅዳሜ ሥራው መጀመሩ ካልቀረ ደግሞ፣ ቀለም ቀቢው ሌሎቹን መስመሮች አስቀድሞ ይጻፍና ለሁለተኛው ቦታ ይተውለት። ማህበሩ ተስማምቶ ሲነግረው ይሞላዋል።